አመሻሽ ላይ ለሚገባ ሰው የሚፈካ አበባ

ራስን ስለማሻሻል የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመክሩት አንድ ነገር አለ፤ ማልዳችሁ ተነሡ። ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ሰው ቀኑን በእጁ ያደርገዋል ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው። ግን ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ስትሠራ አድራ በጠዋት ለምትገባ እህት ምን ይፈይዳል? ቀን ፓርኪንግ ውሎ ማታ ኡበር ሲነዳ ለሚያመሽ ወንድምስ? እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ሰዓታቸው ሌላ ነው። ዛሬ የምጽፈው ለእነሱ ነው። የምለውም አጭር ነው፦ ያላችሁን ሰዓት አትናቁት፤ በዚያች ሰዓት የሚያብብ ነገር ፈልጋችሁ ትከሉ።

ይህን ስል ነገር በምሳሌ መናገሬ አይደለም። በእውነት መሬት ላይ ስለሚዘራ አበባ ነው የማወራው።

ስሙ ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ ነው። የምሥራቅና የመካከለኛው ሰሜን አሜሪካ አገር በቀል የዱር አበባ ሲሆን፣ እኔ በምኖርበት በሜሪላንድም ሆነ ማዶ በቨርጂኒያ በየመንገዱ ዳርና በተተወ መሬት ላይ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ቀን በመኪና ስታልፉት ልብ አትሉትም። ፀሐይ ሲበረታ የሚታየው ረጅም አገዳና የተሸበሸበ አበባ ብቻ ነው። አዲሱን አበባ የሚከፍተው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ጁላይ ውስጥ እዚህ አካባቢ ጀምበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ብዙዎቻችን ደክሞን ቤታችን የምንገባበት ሰዓት ማለት ነው።

አከፋፈቱን አንድ ቀን ቆማችሁ እዩት። እምቡጡ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ ቢጫው በአረንጓዴ ሽፋን ውስጥ ተጠምዝዞ ታሽጓል። መጀመሪያ ሽፋኑ ጎኑ ላይ ይሰነጠቅና የክር ያህል ቢጫ መስመር ብቅ ይላል። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ምንም ነገር የሚሆን አይመስልም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ከታገሣችሁ እምቡጡ ነቅነቅ ይላል፤ ሽፋኑ ወደ ታች ይታጠፋል፤ አራቱ ቅጠለ አበባዎች ጥምዝምዛቸውን እየፈቱ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። የመጨረሻዋን እንቅስቃሴ በዓይናችሁ ትከታተሏታላችሁ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ላትሞላ ትችላለች። ወዲያው ሎሚ ሎሚ የሚል ጣፋጭ ሽታ አካባቢውን ያውደዋል። አንዱ ሲከፈት ሌላው ይቀጥላል፤ አገዳው ላይ ተራ ይዘው ይፈካሉ። ብትፈልጉ በስልክ ቅረጹት። እኔ ግን የመጀመሪያውን ምሽት በዓይናችሁ ብቻ እንድታዩት እመክራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የዋለ ዓይን እንዲህ ያለ ነገር ይገባዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዝግጅት ለማን ነው? ለእሳት እራት ነው።

የእሳት እራት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ሹራብ የሚበሳውን ብል ነው። ልብስ የሚበሉት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በአሜሪካ ብቻ 11,000 ያህል የእሳት እራት ዓይነቶች አሉ። በዓለም ላይ የታወቁት ወደ 160,000 ይጠጋሉ፤ የቀን ቢራቢሮዎች ደግሞ 17,500 ገደማ ናቸው። እኛ ተኝተን ወይም ሥራ ላይ ሆነን የማናየው ትልቅ ዓለም ሌሊት ይሠራል ማለት ነው። የሌሊት ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ ከሚመጡት መካከል ትልልቆቹ ስፊንክስ የሚባሉት ናቸው። አበባው ላይ አያርፉም። አየር ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ክንፋቸው እስኪደበዝዝ እየተርገበገበ፣ ተጠቅልላ የነበረችውን ረጅም ምላሳቸውን ወደ አበባው ቱቦ ይሰዳሉ። የዚህ አበባ ብናኝ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ አበቦች ዱቄት ሆኖ አይበተንም፤ በቀጫጭን የሚያጣብቁ ክሮች የተያያዘ ነው። እንግዳው ሲነሣ ክሩ ተመዝዞ ይከተለዋል፤ ወደሚቀጥለው አበባ ይዞት ይሄዳል። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው የእጅ ባትሪውን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኖ ይቅረብ፤ ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም።

እኔ ይበልጥ የምወደው ግን ትንሹን ነው። ፕሪምሮዝ ሞዝ ይሉታል። ክንፎቹ ሮዝ ናቸው፤ ጫፋቸው ወደ ቢጫ ያደላል። ሲቀመጥ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ሌሊት ሲበርር ያድርና ቀን ጭንቅላቱን አበባው ውስጥ ቀብሮ እዚያው ይተኛል። ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ የሚዘጋው በማግስቱ ወደ እኩለ ቀን ሲቃረብ ስለሆነ፣ በጠዋት ለሚገባ ሰውም ይደርስለታል። አንዲት የማውቃት ነርስ አለች። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ቤት ከመግባቷ በፊት ወደ አበባዎቹ ጠጋ ትልና አንድ በአንድ ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች። ከአንዱ ውስጥ ሮዝ ክንፍ ብቅ ብሎ ካየች ልጆቿን ጠርታ፣ «ኑ እዩ፣ ባልደረባዬ ገብቶ ተኝቷል» ትላቸዋለች። ልጆቹ ለትምህርት ቤት ጫማቸውን እያሠሩ ሮጠው ይወጣሉ። እናትና ልጆች በቀን ውስጥ አብረው የሚያሳልፉት ጊዜ አጭር በሆነበት ቤት፣ ያ ሰዓት የሁሉም ሆኗል።

ይህችው ነርስ ዘሩን በዘራች በመጀመሪያው በጋ እናቷ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቋት መጥተው ነበር። እናት ጓሮውን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ፣ መሬት ላይ ክብ ሠርቶ የተነጠፈ ቅጠል ብቻ አገኙ።

«ልጄ፣ ይሄ አረም አይደለም እንዴ? ምነው ዝም አልሽው?»

«ተይው እማዬ፣ የሚያብበው ከርሞ ነው።»

«ከርሞ? ጎመን እንኳ በሁለት ወር ይደርሳል!»

እውነታቸውን ነው። ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ በዘሩት ዓመት አያብብም። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ከታች ወፍራም ሥር ይሰድዳል፤ ቀን የሠራውን ምግብ እዚያ ያከማቻል። ክረምቱን በዚያው ያሳልፍና በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ሜትር በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሜትር የሚደርስ አገዳ ያወጣል። ያንን አገዳና በየምሽቱ የሚፈኩትን አበቦች የሚያቆማቸው ያለፈው ዓመት ስንቅ ነው። መሬቱ ደካማ ሆኖ ቅጠሉ በቂ ስፋት ካላገኘ ደግሞ ሦስተኛውን ዓመት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። የቀን መቁጠሪያ አይቶ አያብብም፤ ሲበቃው ያብባል።

ይህን በሰፊው የማወራው ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። ማታ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምትማሩ አላችሁ። ለነርሲንግ መግቢያ የሚያስፈልጉትን ትምህርቶች አንድ በአንድ የምትለቅሙ፣ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የምታጠኑ፣ ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ዲግሪ እስኪታወቅላችሁ የምትጠብቁ አላችሁ። ከአገር ቤት ሲደወል «እስካሁን ምን ሠራችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሚጠይቀው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ የሚታየውን ነው የጠየቀው። በዚህ ዓመት ያጠናችሁት፣ የቆጠባችሁት፣ የለመዳችሁት ቋንቋ ገና ከላይ አይታይም። ይሁን እንጂ ባክኖ አልቀረም። ሥር የምትሰድዱበት ዓመት ነው። ማንም አያጭደው! እናንተም ራሳችሁ በተስፋ መቁረጥ አትንቀሉት።

«ጊዜው አልፎብኛል» የሚል ሰው ካለ ደግሞ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገረው። በ1879 በሚሺጋን የእርሻ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት የዕፅዋት ሊቅ ዊሊያም ጄምስ ቢል 20 ጠርሙሶችን በአሸዋና በዘር ሞልተው መሬት ውስጥ ቀበሩ። በየጠርሙሱ የ21 ዓይነት ተክሎች ዘር፣ ከእያንዳንዱ 50 ፍሬ ነበር። ሐሳባቸው በየተወሰነ ዓመቱ አንዱን ጠርሙስ አውጥቶ የትኛው ዘር ገና ሕይወት እንዳለው ማየት ነው። ቢል ራሳቸው በ1924 አረፉ፤ ሌሎች ሥራውን ተረከቡ። በ1960፣ ከ80 ዓመት በኋላ፣ ጠርሙስ ተከፍቶ ዘሩ ሲዘራ፣ ከ21ዱ ዓይነት የበቀሉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። አንዱ ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ ነው። 80 ዓመት ጨለማ ውስጥ የቆየ ዘር ብርሃን ሲያገኝ በቀለ። በ40 ዓመታችሁ ክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር ለመቀመጥ የምታመነቱ ሰዎች፣ ይህን ስታስቡ እባካችሁ ምዝገባው ሳያልፍ ተመዝገቡ።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። የዘሩ ፓኬት ላይ ኦይኖቴራ ቢየኒስ የሚል ሳይንሳዊ ስም መኖሩን አረጋግጡ፤ በፕሪምሮዝ ስም የሚሸጡ ሌሎች ብዙ አበቦች አሉ። ከመናፈሻና ከጥብቅ ቦታ አትልቀሙ፤ አገር በቀል ተክሎችን ብቻ ከሚሸጡ ሰዎች ግዙ። የሚዘራው በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር ነው፤ የክረምቱ ብርድ ዘሩን ያነቃዋል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። መሬቱ ደረቅና ድንጋያማ ቢሆን አትጨነቁ፤ ማዳበሪያም አያስፈልገውም፤ ውኃ የሚቋጥር መሬት ግን አይስማማውም። አፈሩን በሬክ ቧጨር ቧጨር አድርጉ፤ ዘሩን በተኑ፤ በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። አፈር አታልብሱት፤ ይህ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። በጸደይ ሲበቅል በጣም የተጠጋጉትን ነቅላችሁ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል አራርቋቸው። ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ ካደገ በኋላ ከቦታ ቦታ ማዛወር አይወድም። ጓሮ የሌላችሁ፣ አፓርትመንት የምትኖሩ ሰዎች ደግሞ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ከታች በስታችሁ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ላይ ማሳደግ ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ደግማችሁ ዝሩ፤ ያኔ በየዓመቱ የሚያብብ ይኖራችኋል።

ከዚያ በኋላ የሚከብደው አለመንካት ነው። ቅጠሉና እምቡጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ሲሆን አይታችሁ መድኃኒት ልትረጩ ትፈልጉ ይሆናል። አትርጩ። የበሳው የእሳት እራቱ አባጨጓሬ ነው፤ እሱን ገድላችሁ የእሳት እራት መጠበቅ አይሆንም። አባጨጓሬውም ሁሉም አያድግም፤ ብዙው የወፍ ምግብ ነው። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ የሆኑት ዳግላስ ታላሚ እንደሚያስረዱት፣ ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ አንድ ጊዜ የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች ለመብረር ለማብቃት ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ያስፈልጋታል። የእጅ መዳፍ የማትሞላ ወፍ! አንድ አገዳ ስትተክሉ የስንቱን ጉሮሮ እንደምትደፍኑ አስቡት። በመከር ወቅት ደግሞ የደረቀውን አገዳ ቶሎ አትቁረጡት፤ ጎልድፊንች የሚባሉት ወፎች ዘሩን እየለቀሙ ይከርማሉ። ዘሩ ብዙ ስለሆነ በየቦታው እንዳይበቅልባችሁ ከፈለጋችሁ ከፊሉን ቆርጣችሁ ከፊሉን ተዉላቸው።

የበረንዳ መብራት ነገርም አለ። የእሳት እራት መብራት ዙሪያ የሚዞረው ለምን እንደሆነ በ2024 መጀመሪያ ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ አሳይቷል። ነፍሳቱ ሲበርሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ሌሊት ከሁሉ የሚበራው ሰማይ ስለሆነ፣ ይህ ልማድ የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ ይነግራቸዋል። አምፖል ሲያገኙ ግን ጀርባቸውን ለእሱ እየሰጡ መዞር ብቻ ይሆናል፤ መውጫ ያጣሉ። ስለዚህ አበባ ተክሎ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ማብራት እንግዳ ጠርቶ በር ላይ ማስቀረት ነው። ለደኅንነት መብራት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራውን ግጠሙ።

«የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ይቀጣኛል» የሚል ስጋት ያለው ሰው አለ። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ማኅበራቱ አገር በቀል ተክሎችን የመሰለውን ተፈጥሮን የማይጎዳ አትክልት ጨርሰው እንዳይከለክሉና ነዋሪውን ሣር ብቻ እንዲተክል እንዳያስገድዱ ይደነግጋል። በሌላ ክፍለ ግዛት ያላችሁ የራሳችሁን ደንብ አንብቡ። ዳር ዳሩን ንጹሕ አድርጎ መያዝና ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር ደግሞ በየትም ይጠቅማል።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። አበባውን ስትወዱት ዘሩን ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ለአዲስ አበባ ዘመድ እንዳትወስዱ። እዚህ አገር በቀል የሆነው እዚያ መጤ ነው። መጤ ተክል ምን ሊያደርግ እንደሚችል እምቦጭ ጣና ላይ አሳይቶናል፤ እሱም በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የሚያምር የውኃ አበባ ነው። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች በሜዲትራኒያን ዳርቻ አሸዋ ላይ ቢጫውን የባሕር ዳር ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ አይታችሁት ይሆናል፤ እዚያ መጤ ሆኖ እየተስፋፋ ነው። በነገራችን ላይ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 አስደናቂ ነገር ያሳዩት በዚሁ ተክል ላይ ነው። የንብ ክንፍ ድምፅ ሲያሰሙት በ3 ደቂቃ ውስጥ የአበባው ማር ይበልጥ ጣፋጭ ሆነ። ድምፅ ሲሰማ የሚያስተናግድ አበባ ነው ማለት ነው።

አገር ቤት ያላችሁ የራሳችሁ አላችሁ። ጠምበለልን ትከሉ። የኢትዮጵያ አገር በቀል ሐረግ ነው፤ አበባው ነጭ፣ ሽታው ጣፋጭ ነው፤ ነጭ ቀለምና ጠንካራ ሽታ ደግሞ በጨለማ የሚበርሩ ነፍሳት አበባን የሚያገኙባቸው ምልክቶች ናቸው። አጥር ላይ አስይዙት፤ ማታ ወንበር አውጥታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ ዘሩን በሴፕቴምበር ግዙ፤ ቅዝቃዜው ሲመጣ ከልጆቻችሁ ጋር ውጡና በትኑት። ለልጆቹ «የሚያብበው ከርሞ ነው» ብላችሁ ከአሁኑ ንገሯቸው። ፍሪጁ ላይ የዘራችሁበትን ቀን ጻፉና ከጎኑ እናንተ ራሳችሁ በዚያው ሳምንት የምትጀምሩትን ነገር ጻፉ፤ የምትመዘገቡበትን ትምህርት፣ የምታጠኑትን ፈተና፣ ማስቀመጥ የምትጀምሩትን ገንዘብ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ጀምሩ፤ ሁለቱንም ሳትነቅሉ ቆዩ።